ሲስተር ጥሩወርቅ መጋረጃ አትወድም

ሲስተር ጥሩወርቅ የተቀበረችው ባሕር ዳር ነው። ከወረታ አንድ ሚኒባስ ሞልተን ሄድን። ቀብሩ ላይ ከረባት ያሰረ አንድ ዘመዷ ወረቀት ዘርግቶ የሕይወት ታሪኳን አነበበ። "ሲስተር ጥሩወርቅ በሕይወት ዘመናቸው ትሁት፣ ዝምተኛ፣ ከሰው ጋር ቃል ተለዋውጠው የማያውቁ..." ሲል አስር አለቃ ጓንጉል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ "ተሳስተን የሌላ ሰው ቀብር መጥተን እንዳይሆን" አሉኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቅልዬ አጎነበስሁ። ዞር ስል የወረታ ሰዎች ሁሉ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። የባሕር ዳር ለቀስተኞች ሐዘኑ የጠናብን መስሏቸው ውሃ አቀበሉን።

ዝምተኛ! እኔ የማውቃት ጥሩወርቅ ዝም የምትለው ስትተኛ ብቻ ነው፤ እሱንም ጎረቤቶቿ ታንኮራፋለች ይሉ ነበር።

ደሴ ተወልዳ ያደገች ነርስ ነበረች። ባለፈው መንግሥት ጊዜ፣ ሩዝ ፎገራን ሲያጥለቀልቅና ወረታ ላይ በየመንገዱ ዳር የሩዝ መፈልፈያ ሲተከል፣ ወደ እኛ ከተማ ተመድባ መጣች። አጭር፣ ደልደል ያለች፣ ስትራመድ ሁልጊዜ የረፈደባት የምትመስል ሴት ናት። ፀጉሯን እንደ ወንድ አሳጥራ ትቆረጣለች። ከሥራ ስትወጣ መናኸሪያው አጠገብ ያለችው ግሮሰሪ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ቢራዋን በጠርሙሱ ትጠጣለች። ይህ ወረታ ላይ ለብዙ ሰው የወሬ ቀለብ ሆነ። የሰፈሩ ሴቶች ባሏ የት እንዳለ ቢጠይቋት፣ "አግብቼ ነበር፤ ድኛለሁ" አለቻቸው።

"እሷ" እያልሁ የምጽፈው ንቄያት አይደለም። በዕድሜ ስለምትበልጠን መጀመሪያ "እርስዎ" ብለናት ነበር። ዙሪያዋን ተመለከተችና፣ "ስንት ሆኜ ነው የምታዩኝ? አንድ ነኝ" አለች። ከዚያ በኋላ አንቺ አልናት።

እኔ ይርጋ እባላለሁ፤ መናኸሪያው ፊት ለፊት ልብስ እሰፋለሁ። ያኔ ቅዳሜና እሁድ የሰፈራችንን ታዳጊ ልጆች ኳስ አሰለጥን ነበር። አሰለጥን የምለው ለወጉ ነው፤ ፊሽካ ነበረኝ። አስር አለቃ ጓንጉል ደግሞ የድሮው ጦር ሲበተን ወደ አገራቸው የተመለሱ ወታደር ናቸው። እሳቸው ፊሽካም አርጩሜም ነበራቸው። ደመወዝ የለንም፤ በጎ ፈቃደኞች እንባላለን። ሚስቴ ግን ሥራ ፈቶች ትለን ነበር።

በዚያ ጊዜ ፎገራ ላይ ከሩዝ ቀጥሎ በብዛት የሚመረተው ስልጠና ነበር። ስለ ማዳበሪያ ሰልጥነናል፣ ስለ ሽንት ቤት ሰልጥነናል፣ ስለ ስብሰባ አመራር ሁሉ ሰልጥነናል። ስለዚህ "የታዳጊ ስፖርት በጎ ፈቃደኞች የሕፃናት ደህንነት ስልጠና" ተብለን ስንጠራ የጠየቅነው አንድ ነገር ነው፤ ምሳ አለው ወይ? አለው ተባለ። አዳራሹ ሞላ።

የስልጠናውን ሐሳብ ያነሣችው ሲስተር ጥሩወርቅ ናት። ከየሜዳው ወደ ጤና ጣቢያው የሚመጡት ልጆች አንገሽግሸዋት ነው። አንዱ ክንዱ ተሰብሮ ይመጣል፣ አንዱ ጠርሙስ ረግጦ፣ አንዱ ጀርባው ሰንበር አውጥቶ። ፊታችን ቆማ አንድም ሰላምታ ሳትሰጥ ጀመረች።

"ከእናንተ ውስጥ ልጅ የሚመታ እጁን ያውጣ።"

አንድም እጅ አልወጣም።

"ጎሽ። ልጅ የሚቀጣስ?"

የሁሉም እጅ ወጣ። አስር አለቃማ ሁለቱንም አነሡ።

"በምንድን ነው የምትቀጡ?"

አንዱ በአርጩሜ አለ፣ አንዱ በኩርኩም። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ደግ መልክ ያለው ሰው፣ "እኔስ ብዙም አልቀጣ፣ በቀበቶ ብቻ" አለ።

"ቁስሉን የምሰፋው እኔ ነኝ" አለች ሲስተር። "እስከ ዛሬ አንድም ቁስል፣ ተቀጥቼ ነው እንጂ ተመትቼ አይደለም ብሎ ነግሮኝ አያውቅም።"

ከዚያ አስር አለቃን አስነሥታ መሐል አቆመቻቸው። "ከአሁን ጀምሮ አስር አለቃ አይደሉም፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነዎት። ባዶ ጎል ስተዋል። እኔ አሰልጣኝ ነኝ" አለቻቸው። ሁላችንም ፈገግ ብለን ጠበቅን። እሷ ግን በአንድ ጊዜ ድምጿን ለውጣ ጮኸች።

"አንተ አህያ! ይኼ እግር ነው ምሰሶ? እናትህ አንተን ከምትወልድ ጥጃ ብትወልድ ወተት እናገኝ ነበር! ጨርሰህ ከፊቴ ጥፋ!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። እየተጠጋች፣ ጣቷን ደረታቸው ላይ እየወጋች ቀጠለች። አስር አለቃ መጀመሪያ ፈገግ ብለው ነበር። ቀስ በቀስ ፈገግታው ጠፋ። ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ወረደ። ቀጥሎ ከዚያ ትልቅ ደረት ይወጣል ብለን ባላሰብነው ቀጭን ድምፅ፣ "ኳሱ ነጥሮብኝ ነው" አሉ።

ሳቁ ቆመ።

"ይቀመጡ አስር አለቃ" አለች ሲስተር በለሰለሰ ድምፅ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ቅዳሜ በሜዳው ዳር ሳልፍ የሰማሁትን የእርስዎን ቃል ነው የመለስሁልዎ።"

በምሳ ሰዓት አስር አለቃ አርጩሜያቸውን ለአዳራሹ ዘበኛ ሰጡት፤ ፍየል ያግድበታል። እስከ ዛሬ ስለዚያ ቀን አያነሡም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሜዳ ስንመለስ፣ "ግንባር ላይ ያን ያህል አልፈራሁም" አሉኝ።

ስልጠናው በምሳ አላለቀም። እንደሌሎቹ ስልጠናዎች አጨብጭበን የምንለያይ መስሎን ነበር፤ እሷ ግን ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ቆማ ጠበቀችን። የኛ ሜዳ የከብት ሜዳ ነው። ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አሰልጣኞች ጎንበስ ብለን ጠርሙስና ሚስማር እንድንለቅም አደረገችን። የፎገራ ላም መሐል ሜዳ ላይ ከተኛች ማንም አያስነሣትም፤ እሷ ግን በስምምነት ይሁን በስድብ ታስነሣት ነበር። ሰማዩ ጉርምርም ካለ ልጆቹን ከዋርካው ሥር አስወጥታ ወደ ትምህርት ቤቱ ክፍል ታስገባለች።

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የሜዳው ጥግ ውሃ ይተኛበታል፤ ኳስ እዚያ ሲገባ ዘልለው የሚያወጡት ልጆች ነበሩ። ሲስተር ከለከለች። ኳስ ውሃ ውስጥ ከገባ የሚገባው ትልቅ ሰው ነው አለች። እዚያ ከነበሩት ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ቀጭኑ እኔ ነኝ።

"ሲስተር" አልኋት ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ "እነሱ እኮ እንደ ዓሣ ይዋኛሉ። የማልችለው እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ተማር" አለችኝ።

በየቅዳሜው ጭኔ ድረስ ጭቃ ውሃ ውስጥ ስገባ ልጆቹ ተሰልፈው ያጨበጭቡ ነበር። አንዳንዱ ኳሱን ሆን ብሎ ወደዚያ እንደሚመታ አውቃለሁ።

ከሁሉም ያናደደችኝ ግን በመጋረጃው ነው። ሱቄ ውስጥ ልክ የምወስድበት ጥግ ነበረኝ፤ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰቅዬበት ነበር። ለልጆቹ ቁምጣ ለመስፋት አንድ በአንድ እያስገባሁ ልክ ስወስድ ሲስተር በሩ ላይ ቆመች።

"ይኼን መጋረጃ አውርደው።"

"ለምን?"

"ወይ መጋረጃው ይውረድ፣ ወይ ልኩ ውጭ ይወሰድ።"

ደሜ ፈላ። "እኔ የልጆች አባት ነኝ! እኔን ትጠረጥሪኛለሽ?"

"አንተን አልጠረጥርህም" አለች፤ ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። "መጋረጃውን ነው የማልወደው። ነገ አንተ ታመህ ሌላ ሰው በቦታህ ቢቀመጥ መጋረጃው እዚያው ነው።"

ለጥቂት ቀናት ሰላምታ ነሣኋት። ከዚያ ልኩን በረንዳ ላይ መውሰድ ጀመርሁ። ሜትር አንገቴ ላይ አድርጌ የልጅ ወገብ ስለካ ከመናኸሪያው ሾፌር፣ ረዳት፣ ሊስትሮ፣ የቆሎ ሻጭ ሁሉ ቆሞ ያየኛል። "ከዳሌው ሰፋ አድርገው!" ይላል አንዱ። "ለእኔም ለካልኝ!" ይላል ሌላው። ገበያዬ በዛ፤ ይህን ግን አልነገርኋትም።

አቶ አበጀ የመጡት በዚህ መሐል ነው። የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ናቸው፤ ከተማው ይወዳቸዋል። ጎርፍ ቤቱን ላፈረሰበት ሰው ሩዝ ይሰፍራሉ፤ ለቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ሰጥተዋል። ለልጆቻችን ቢጫ ማሊያና እውነተኛ ኳስ ገዙልን። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ የሚጫወቱት በሸሚዝ፣ በካኒተራ፣ አንዳንዱም በእህቱ ሹራብ ነበር። ማሊያውን የለበሱ ቀን ራሳቸውን ማወቅ አቃታቸው።

በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን ይፋግ ሄደን የይፋግን ልጆች አሸነፍን። ጎሎቹን ያገባው ምናለ ነው። ምናለ የአያ በሪሁን ልጅ ነው፤ አያ በሪሁን ደግሞ ሸማኔ ናቸው። ሲጣሉ "የሸማኔ ልጅ" የሚሉት ልጆች ነበሩ፤ ጎል ባገባ ቀን ግን ማንም አያነሣበትም። አቶ አበጀ ሜዳው ዳር ሆነው ሲያጨበጭቡ ቆዩና በሕዝቡ ፊት፣ "ምናለን በሚቀጥለው ቅዳሜ እኔ ራሴ ወንዛዬ ወስጄ ፍል ውሃ አስታጥበዋለሁ! አድረን እሁድ እንመለሳለን!" አሉ። ሕዝቡ አጨበጨበ። አያ በሪሁን ደጋግመው እጅ ነሡ። ባለጠጋ የሸማኔ ልጅ ጋቢና አስቀምጦ ሲሄድ በወረታ ታይቶ አይታወቅም።

ሲስተር ያን ቀን ተረኛ ስለነበረች ይፋግ አልሄደችም። ወሬውን የነገርኋት እኔ ነኝ፣ ግሮሰሪው በረንዳ ላይ። ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ከማን ጋር ነው የሚሄደው?"

"ከአቶ አበጀ ጋር ነዋ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ማን ይኑር?"

ቢራዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ሄደች። ቢራ ስታስቀር ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የአቶ አበጀ ፒካፕ መናኸሪያው በር ላይ ቆማለች። ምናለ ቢጫ ማሊያውን ለብሶ ጋቢና ተቀምጧል። ጓደኞቹ መስታወቱ ላይ አፍንጫቸውን ለጥፈዋል። አያ በሪሁን የታጠበ ጋቢያቸውን ለብሰው ልጃቸውን ሊሸኙ ቆመዋል። ሲስተር ጥሩወርቅ ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ሳፋ በብብቷ ይዛ መጣች።

"እንደምን አደሩ አቶ አበጀ። ወንዛዬ ነው አሉ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። አዎ፣ ለልጁ ሽልማት ነው።"

"የተባረከ ሽልማት። እኔም ወገቤን ክፉኛ ያመኛል፤ አብሬ ልሂድ።"

"ቦታ የለም ሲስተር። ዕቃ ጭኛለሁ።"

"ዕቃውን ጭኔ ላይ እይዘዋለሁ።"

አቶ አበጀ ሳቅ አሉ። "ሌላ ጊዜ አንቺንም ላስወስድሽ።"

"እንግዲያው ሌላ ጊዜ ሁላችንም እንሄዳለን። ልጆቹም፣ አሰልጣኞቹም። ዛሬ ልጁ ብቻውን አይሄድም።"

"ብቻውን?" አሉ፤ ሳቁ አሁንም ከፊታቸው አልጠፋም። "እኔ ሰው አይደለሁም?"

"አንድ ሰው ነዎት። ሁለት ነው የሚያስፈልገን።"

አሁን ሳቁ ጠፋ። በዙሪያው የነበረው ሰው ቀረብ ቀረብ አለ። "እኔን ነው የምትጠረጥሪው?" አሉ አቶ አበጀ። "ይህን ሁሉ ሰው ያበላሁትን?"

"አልጠረጠርሁዎትም። ይርጋንም አልጠረጠርሁት፤ ከመጋረጃው ግን አስወጥቼዋለሁ። ነገ ቄስ ቢመጡ ይኸው ነው። አስተዳዳሪ ቢመጡ ይኸው ነው። እኔ ራሴ ልጁን ብቻዬን ልውሰድ ብል ከልክሉኝ።"

"ነውር ነው እኮ!" አለ አንድ ሰው ከኋላ። "ኧረ ይቺን ሴት አንድ በሏት!" አለ ሌላው። አስር አለቃ ጓንጉል ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው መጥተው ከሲስተር ጎን ቆሙ። እኔም እያመነታሁ ሄጄ ከእሳቸው ጎን ቆምሁ።

ሲስተር ወደ አያ በሪሁን ዞረች። "አያ በሪሁን፣ ልጁ የእርስዎ ነው። እኔ ከመኪና ላወርደው አልችልም። እርስዎ ሂድ ካሉት ይሄዳል።"

ያን ጊዜ አያ በሪሁንን ማየት ያሳዝን ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ለባለጠጋ እሺ ሲሉ የኖሩ ሰው ናቸው። ክረምትና በጋ ጋቢ የሚያሠሯቸው ትልቁ ደንበኛቸው አቶ አበጀ ናቸው። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ልጃቸው በመስታወቱ ውስጥ አንገቱን እየነቀነቀ፣ በዓይኑ ይለምናቸዋል። እሳቸው መኪናዋን አዩ፣ መሬቱን አዩ፣ የሲስተርን ሳፋ አዩ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ጌታዬ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ" አሉ አቶ አበጀን ጎንበስ ብለው። "ልጁ ከጓደኞቹ ጋር ይሄዳል።" ከዚያ ቀና አሉና፣ "ምናለ፣ ውረድ ልጄ" አሉ።

ምናለ አልወርድም አለ። የመኪናውን መሪ ይዞ አለቀሰ። አባቱ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቅቀው፣ ተሸክመው አወረዱት። አቶ አበጀ በሩን ዘግተው ሞተር አስነሡ። ወንዛዬ ግን አልሄዱም፤ መኪናዋን አዙረው ወደ ሩዝ መፈልፈያቸው ተመለሱ። ከዚህ ተነሥቶ ከተማው ሁለት ሆነ። አንዱ ወገን፣ ደግ ሰው ተዋርዶ መንገዱ እንዴት ደስ ይበለው ይላል። ሌላው ወገን፣ ፍል ውሃው ካማራቸው ለምን ብቻቸውን አልሄዱም ይላል። ሁለተኛው ወገን ትንሽ ነበር፤ የሚያወራውም በሹክሹክታ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የአቶ አበጀ ሠራተኛ ሜዳ ድረስ መጥቶ ማሊያዎቹን መልሱ አለ። ልጆቹ አንድ በአንድ አወለቁና ከወገባቸው በላይ ራቁታቸውን ቆሙ። ኳሱንም ወሰደው። አያ በሪሁንም ያን ትልቅ ደንበኛ አጡ። ምናለ ደግሞ ሲስተርን ባየ ቁጥር ፊቱን አዙሮ በሌላ መንገድ ይሄድ ጀመር። አንድ ቀን እንዲህ ሲያደርግ አየሁና ላባብላት ብዬ፣ "ልጅ ነው፣ ይረሳዋል" አልኋት።

"ተወው ይናደድ" አለችኝ። "ተናዶ እቤቱ ነው ያደረው።"

ግምገማ ተጠራ። በዚያ ዘመን ግምገማ የማይፈራ ሠራተኛ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ሂስና ግለ ሂስ እያለ እርስ በርሱ ይበላላል። እኛም ሕዝብ ተብለን ገብተን ተቀመጥን። አንድ ኃላፊ ተነሥቶ ሲስተር የልማት አጋር የሆነ ባለሀብት እንዳንቋሸሸች፣ አመለካከቷም የኪራይ ሰብሳቢ እንደሆነ ተናገረ። ሲስተር እጇን አውጥታ ተነሣች።

"እኔ ቤት ተከራይቼ ነው የምኖረው" አለች። "ኪራይ እከፍላለሁ እንጂ ሰብስቤ አላውቅም። ሰብሳቢዋ አከራዬ እማሆይ ናቸው፤ እሳቸውን ገምግሟቸው።"

ሰዉ ሳቁን ለመዋጥ ሳል ጀመረው። ኃላፊው ጠረጴዛ መታ። እሷ ግን አልቀመጥም አለች፤ ፊቷ እንደዚያ ሲጠቁር አይቼ አላውቅም። "አንድ ጥያቄ ልጠይቅና ልቀመጥ። ከእናንተ ውስጥ ልጁን ለአንድ ሰው ብቻውን ሰጥቶ፣ ሌላ ከተማ የሚያሳድር እጁን ያውጣ።" ማንም አላወጣም። "አያችሁ?" አለች። "የሸማኔ ልጅ ሲሆን ነው ጭብጨባው።" ተቀመጠች።

ማሊያውን ያመጡልን አያ በሪሁን ናቸው። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ጥቅል ጥጥ ጨርቅ ተሸክመው ሱቄ ገቡ። "ከዚህ ስፋላቸው" አሉኝ። ወፍራም፣ የጋቢ ዓይነት ድርብ ጨርቅ ነው። ለኳስ እንደማይሆን ለመናገር አፌን ከፈትሁ፤ ፊታቸውን ሳይ ዘጋሁት። በረንዳ ላይ ልክ ወስጄ ሰፋሁ። አንገቱ ላይ አያ በሪሁን ራሳቸው ቀይ ጥለት አዞሩበት። ልጆቹ ሲለብሱት ቡድኑ ጥምቀት የሚወጡ ትናንሽ ዲያቆናት መሰለ።

ይፋጎች ለመልስ ጨዋታ መጥተው ሲያዩን መሬት ላይ ወድቀው ሳቁ። ከዚያ ዝናብ መጣ። ጥጡ ውሃ ጠጣ፣ ከበደ፣ ተለጠጠ። በሁለተኛው አጋማሽ ማሊያው የሁሉም ጉልበት ላይ ደርሶ ነበር። በረኛችን የራሱን ማሊያ ረግጦ ወደቀ። ምናለ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ሲሮጥ አስታውሳለሁ። ተሸነፍን፤ ያውም ክፉኛ። ሲስተር ጥሩወርቅ ጃንጥላዋን እያወዛወዘች ዳኛውን፣ ዝናቡንና የይፋግን በረኛ በየተራ ስትሳደብ ዋለች። ልጆቹን ግን አንድ ክፉ ቃል አልተናገረቻቸውም። አስር አለቃ ጓንጉል ጨዋታው ሲያልቅ አንድ በአንድ እያቀፉ፣ "ኳሱ ነጥሮባችሁ ነው" ይሏቸው ነበር።

ወንዛዬም ቢሆን አልቀረም። ከልጆቹ የአንዱ አባት የአውቶቡስ ሾፌር ስለነበር ክረምቱ አልፎ መፀው ሲገባ ሁላችንንም ጭኖ ወሰደን። እናቶች መጡ፣ አባቶች መጡ፣ አያ በሪሁን መጡ። አስር አለቃ ቁምጣ ለብሰው ፍል ውሃው ዳር እንደ ዘብ ቆመው ዋሉ። ሲስተር ከሴቶቹ ጋር ወገቧን ስትታጠብ የምትለቀው ሳቅ ወንዶቹ ጋ ድረስ ይሰማል። ልጆቹ ደግሞ ጥሩ ሠራን ብለው ማሊያቸውን በፍል ውሃ አጠቡት። ጥጡ ተኮማተረ። ጉልበት ላይ የነበረው ማሊያ እምብርት ላይ ቀረ። አያ በሪሁን ልጆቹን አይተው፣ ቁጭ ብለው፣ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ከዚያ የመኪናው ጠዋት በኋላ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ሲስተር ተዛወረች። ለሥራው ቅልጥፍና ነው ተባለ። መናኸሪያው ላይ ስንሸኛት ምናለ ከሩቅ ግንብ ተደግፎ ያያል። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል መጣና ሳፋዋን ከመሬት አንሥቶ ለረዳቱ አቀበለላት።

"አሁንም ተናደሃል?" አለችው።

"አዎ።"

"ጎበዝ" አለችና ተሳፈረች።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። አቶ አበጀ ዛሬም አሉ፤ አርጅተዋል፣ አሁንም ሰው ያከብራቸዋል። ክፉ ነገር ተነሥቶባቸው ሰምቼ አላውቅም። ምናለ ሚስት አግብቶ ሁለት ልጆች ወልዷል። እኔም ብሆን ያን ጠዋት እያሰብሁ አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍ ይነሣኛል። ደግ ሰው በአደባባይ አዋርደን ቢሆንስ እላለሁ። ደግሞ መልሼ፣ ባይሆንስ እላለሁ።

ሲስተር መታመሟን ሰምቼ ባሕር ዳር የእህቷ ልጅ ቤት ልጠይቃት ሄድሁ። ያ ደልዳላ ሰውነት አልቆ አልጋው ላይ የተቀመጠች ሕፃን መስላለች። ፀጉሯ ግን አሁንም አጭር ነው፤ ቴሌቪዥን ከፍታ ኳስ ታያለች። ስለ ወረታ ጠየቀችኝ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወፈረ። ከዚያ የእህቷ ልጅ ወደ ጓዳ ስትገባ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የከነከነኝን አወጣሁት።

"ሲስተር፣ አንድ ነገር ንገሪኝ። አቶ አበጀ ክፉ ሐሳብ ነበራቸው?"

ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አላነሣችም። "አላውቅም።"

"እንዴት አታውቂም? ያን ሁሉ ስድብ የጠጣሽበት፣ ከከተማ የተባረርሽበት ነገር ነው እኮ። የሆነ የሰማሽው ነገር ይኖራል።"

"የሰማሁት የለም።"

"ታዲያ ዛሬም አታውቂም?"

አሁን ዞራ አየችኝ። አልተቆጣችም። ልክ እንደዚያ የመጋረጃው ቀን ድምጿ ዝቅ ያለ ነው።

"ይርጋ፣ ለማወቅ እኮ ልጁ መሄድ ነበረበት።"

ይህን ብላ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረች። ዳኛው ፍፁም ቅጣት ምት ከልክሎ ነበርና ከትራሷ ቀና ብላ በዘር ማንዘሩ ትሰድበው ጀመር።